ስለ እኛ ሲሰበሰቡ

ለገሃር ያለውን አንበሳ የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። (ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያለው የድንጋዩ ሌላ ነው። «አንበሳው ጋ ጠብቂኝ» ተባብለው አንዱ እዚህ ሌላዋ እዚያ ቆመው የተኮራረፉ ጥንዶችን እግዜር ይቁጠራቸው።) የለገሃሩ በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ተተከለ። የጣቢያው ሕንፃ ራሱ ያኔ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። ጣሊያን ሲገባ አንበሳውን ነቅሎ ሮም ወሰደው። እዚያስ የት ያቆሙት ይመስላችኋል? ባቡር ጣቢያ አጠገብ! ከቴርሚኒ ጣቢያ አቅራቢያ፣ ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው ወታደሮች ከተሠራው መታሰቢያ ሥር። እንግዲህ ለዶጋሊ ካሣ መሆኑ ነው። ዘርዓይ ድረስ በ1930 ዓ.ም. ጎራዴውን የመዘዘው በዚሁ ሐውልት አካባቢ ነው።

አንበሳው ወደ ለገሃር የተመለሰው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሮም ከቆየ በኋላ ነው። እና ገና እዚያ ቆሞ ሳለ፣ ከእሱ ብዙም ሳይርቅ አንድ ስብሰባ ተደረገ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ስብሰባና ስለተከታዮቹ ነው።

በመጋቢት 1951 ዓ.ም. (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትምታቱ) በዓለም ዙሪያ ኢትዮጵያን የሚያጠኑ ሊቃውንት ሮም በሚገኘው የሊንቼይ አካዳሚ ለሦስት ቀን ተሰበሰቡ። ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ግእዝ፣ የብራና መጻሕፍት፣ ባህል፤ ያልተነሣ አልነበረም። ይህ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃያ ጊዜና ከዚያም በላይ ተካሂዷል፤ አንድ አገር ላይ ብቻ ያተኮረ እንዲህ ዕድሜ የጠገበ የምሁራን ጉባኤ በዓለም ላይ ብዙ የለም።

የመጀመሪያው ለምን ሮም ሆነ? መልሱ ቀላል ነው፤ ጥናቱ እዚያ ስለነበረ። ኢትዮጵያን ለመግዛት የመጣ አገር ኢትዮጵያን ማጥናት ነበረበት። ጉባኤውን በንግግር ከከፈቱት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ ኤንሪኮ ቼሩሊ ነበሩ። ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ሶማሌና ስለ ሐረሪ ቋንቋ የጻፉትን ሳያገላብጥ ዛሬም ጥናቱ ውስጥ የሚገባ ሰው የለም። እኚሁ ሰውዬ በወረራው ዘመን የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ምክትል ገዥ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ በጦር ወንጀል ይጠየቁልኝ ብላ ስማቸውን ካቀረበቻቸው ጣሊያናውያን መካከልም አንዱ ናቸው። አልተጠየቁም። አካዳሚ ገቡ።

እስቲ አስቡት። ስለ እኛ ሊመክሩ የተሰበሰቡበት ከተማ ውስጥ የለገሃሩ አንበሳ ምርኮኛ ሆኖ ቆሟል። የአክሱም ሐውልትም እዚያው ቆሟል። ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ በ1939 ዓ.ም. የሰላም ውል ፈርማለች፤ 18 ወሩ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጉባኤተኞቹ ስለ አክሱም ወረቀት ሲያቀርቡ ውለው ወደ ማታ በእግራቸው ሄደው አክሱምን ማየት ይችሉ ነበር! አራተኛው ጉባኤ በ1964 ዓ.ም. ተመልሶ ሮም ሲደረግም ሐውልቱ አልተነቃነቀም። አክሱም የገባው በ1997 ነው፤ ቆሞ የተመረቀው ደግሞ በ2000።

ይህን የምለው ሊቃውንቱን ለመክሰስ አይደለም፤ ሐውልቱ እንዲመለስ ከጮኹት መካከል ብዙዎቹ ከእነሱው ወገን ናቸው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት አንዱ ምስክር ናቸው። የምለው ሌላ ነው። የታሪክ ጉባኤ የተደረገበትን ከተማ ብቻ ወስዳችሁ በተርታ ብታስቀምጡ፣ አንድም ወረቀት ሳታነብቡ የኢትዮጵያን የስድሳ ዓመት ታሪክ ታገኛላችሁ። ስለ ወረቀቶቹ የጻፈ ብዙ ነው፤ እኔ ስለ ከተሞቹ ልጻፍ።

ጉባኤው በ1955 ማንችስተር አለፈና በ1958 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ገባ። አስተናጋጁ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው፤ ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ዳይሬክተሩም እነዚሁ ፓንክረስት። ዩኒቨርሲቲው የንጉሡ ቤተ መንግሥት የነበረውን ገነተ ልዑልን ከተረከበም ገና ጥቂት ዓመታት ነው። ለእንግዳ የሚሆን ሁሉ ተሟልቷል፤ ቤተ መንግሥት አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ አለ።

በዚያው ዓመት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። ምክንያቱ ሾላ ነው። የከተማዋ ለማኞችና ድሆች እየታፈሱ በሾላ ካምፕ ይታጎሩ ነበር፤ ተማሪዎቹ ድህነት ወንጀል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት «መሬት ላራሹ» ብለው ነበር። ስምንት ዓመት ቆይቶ ከዙፋኑ ጋር ምን እንደተደረገ ታውቃላችሁ። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ አንድ ወገን ያለፈውን እያጠና፣ ሌላው የሚመጣውን እያዘጋጀ ነበር ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ተማሪ ብሆን የትኛው ጋ እንደምገኝ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ምናልባት ሁለቱም ጋ ለመሆን ስሮጥ ሁለቱም ያመልጠኝ ነበር።

ከዚያ ለ18 ዓመት ጉባኤው ኢትዮጵያን ዞር ብሎ አላየም። አምስተኛው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ኒስ፣ ግማሹ ቺካጎ ተደረገ። ጊዜው 1970 ዓ.ም. ነው። ኒስ ላይ ወረቀት ሲነበብ እዚህ አስከሬን መንገድ ላይ ያድር ነበር፤ ቀይ ሽብር። ቴል አቪቭና ሉንድ ተከተሉ።

ስምንተኛው አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ኅዳር 1977 ዓ.ም.። ወሩን ልብ በሉት። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ተከበረ፣ ኢሠፓ ተመሠረተ፣ ከተማው በቀይ ጨርቅና በመፈክር ተሸፈነ። ጥቅምት ላይ የቢቢሲ ካሜራ ኮረም ገባና ያ ሁሉ ድግስ ምን እንደሸፈነ ዓለም አየ። ኅዳር ላይ ሊቃውንቱ መጡ። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ከተማ ላይ ድግስ፣ ረሀብና ጉባኤ ተከታትለው ደረሱ። በዚያ ጉባኤ ላይ የቀረቡት ጥናቶች በሁለት ዙር ታትመው ወጥተዋል፣ ስድስት ኪሎ ሄዶ ማገላበጥ ይቻላል፤ ጠቃሚ ጥናቶች ናቸው። እኔ ሁሌ የማስበው ግን እንግዶቹ ማታ ማታ ሆቴላቸው ውስጥ ምን ያወሩ እንደነበር ነው። ያ አልታተመም።

የባሰው አሥራ አንደኛው ነው። መጋቢት 23 ቀን 1983 ዓ.ም. ተጀምሮ መጋቢት 28 አበቃ። በዚያን ሰዓት መቀሌ ከደርግ እጅ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ጎንደርና ባሕር ዳር ደግሞ ገና ወር ቢሆናቸው ነው። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ብላቴ እንዲሄዱ ተደረገ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ጦር ሠፈር እየላከ፣ የዓለምን ሊቃውንት በክብር ያስተናግዳል! ጉባኤው በተዘጋ በ45ኛው ቀን፣ ግንቦት 13፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሄዱ። ግንቦት 20 ታንኩ አራት ኪሎ ገባ። የጉባኤው ሁለት ጥራዝ እነ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅተውት የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። በአንድ መንግሥት የቀረበ ወረቀት በሌላ መንግሥት ታተመ ማለት ነው፤ ባንዲራውም፣ የመንግሥቱ ስምም፣ የክፍለ ሀገሩ ካርታም በመሐል ተቀይሯል።

(አሥራ አራተኛው በ1993 እንደገና አዲስ አበባ ሲሆን ደግሞ የባድመ ጦርነት ተኩስ ከቆመ ገና አምስት ወሩ ነበር። ኧረ ይሄ ነገር ምንድን ነው? ልንል ነው።)

እኔ ግን ምንም ምሥጢር አይታየኝም። ከስምንተኛው ጀምሮ ጉባኤው በየሦስተኛው ዙር ኢትዮጵያ ይመጣል፤ 8ኛ፣ 11ኛ፣ 14ኛ፣ 17ኛ፣ 20ኛ። በየጥቂት ዓመቱ ኢትዮጵያ የመጣ እንግዳ ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ሊደርስ ሲል ወይም ደርሶ ሲያበቃ መግባቱ አይቀርም። ይህ ስለ ጉባኤው ሳይሆን ስለ አገራችን የሚናገር ነገር ነው። ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ጠንቋይ አይደለም፤ የሚመጣውን ንገረን ብሎ መያዝ ግፍ ነው።

አሁን ወደ ለገሃር ልመልሳችሁ፤ ባቡሩን የሚመለከት ነገር ስላለ።

ጉባኤው ኢትዮጵያ ውስጥ ከአዲስ አበባ ውጪ የወጣው መጀመሪያ በ2005 ዓ.ም. ነው። አሥራ ስምንተኛው። የተመረጠችው ድሬዳዋ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ ያኔ ስድስት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ እንደ ስድስት ኪሎው ሁሉ በልጅነቱ ትልቅ እንግዳ ተቀበለ። የዚያ ዓመት መሪ ሐሳብ እንቅስቃሴ ነበር፤ በኢትዮጵያ ውስጥ ያለ እንቅስቃሴና በእንቅስቃሴ ላይ ያለች ኢትዮጵያ።

ለዚህ ሐሳብ ከድሬዳዋ የተሻለ ከተማ ከየት ይመጣል? ከተማዋ የእንቅስቃሴ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው እምቢ አለ። ስለዚህ ሐዲዱ በግርጌ በኩል ዞረ፣ በ1895 ዓ.ም. ባዶ ሜዳ ላይ ቆመ፣ ሜዳው ላይ ከተማ በቀለ፤ መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪደርስ 15 ዓመት ገደማ ስለፈጀ፣ ድሬዳዋ ቀድማ ባለባቡር ሆና ብዙ ኖራለች። በደቻቱ ወዲህ ከዚራ፣ ባለዛፍ ባለቀጥታ መንገድ፣ የምድር ባቡር ሰዎች ሰፈር፤ በደቻቱ ወዲያ መጋላ፣ ገበያው። ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪ፣ ዐረብኛ በአንድ ሱቅ ደጃፍ ይሰማል፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ ከጣቢያውና ከወርክሾፑ ይመጣል። እኛ «ለገሃር» የምንለው ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ጣቢያው» ማለት ነው። ከካዛንቺስ ጋር ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ አንዱ የፈረንሳይ ጣቢያ፣ ሌላው የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ድርጅት ስም ቁርጥራጭ። ሁለቱንም አላምጠን አማርኛ አድርገናቸዋል።

ታዲያ ለዚያ ጉባኤ ከለገሃር ተነሥቶ ድሬዳዋ የሚገባ ባቡር አልነበረም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው መስመር ከጥቂት ዓመታት በፊት ቆሟል። ስለ እንቅስቃሴ ሊነጋገር የሄደ ሰው፣ በአፍሪካ ቀንድ የሰውን፣ የጫትን፣ የጨርቁን፣ የወሬውን እንቅስቃሴ ለመቶ ዓመት የያዘውን ሐዲድ ዝጎ አገኘው። በአውሮፕላን ወይም በሐረር መንገድ በመኪና ገባ። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅም መነሻው ለገሃር አልሆነም፤ ከተማው ዳር ለቡ ነው።

ከዚያ ጉባኤ በፊት ሁለት ወር ከምናምን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2004፣ መለስ ዜናዊ አርፈዋል። ልማዱን አልሳተም።

ድሬዳዋን ረዘም አድርጌ የጻፍኩት ስለምወዳት ብቻ አይደለም። (ስለምወዳትም ነው።) ጉባኤው አዲስ አበባ ሲሆን ታሪኩ የነገሥታትና የመንግሥት ይመስላል፤ ስብሰባውም ቤተ መንግሥት በነበረ ግቢ ነው። ድሬዳዋ ሲሆን ግን ታሪኩ የነጋዴ፣ የፉርጎ ጫኝ፣ የስደተኛ፣ የአርመንና የግሪክ ባለሱቅ፣ የየመን ሰው ይሆናል። ከተማው አጀንዳውን ይገፋል። ያው ወረቀት ሌላ ከተማ ላይ ሲነበብ ሌላ ነገር ይሰማል። ለዚህ ነው ጉባኤው የት ይሁን የሚለው ጥያቄ የሆቴል አልጋ ቁጥር ጉዳይ ብቻ የማይሆነው።

አዎ፣ ቅሬታም አለኝ። ወረቀቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ፣ የተወሰኑት በፈረንሳይኛ ናቸው። ስለ ከዚራ የተጻፈውን የከዚራ ልጅ አያነበውም። ጥራዙ ይታተማል፣ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ አቧራ ይጠጣል። እኛ ደግሞ ታሪካችንን ከፌስቡክ እንቃርማለን፤ እዚያ የሚቃረም ታሪክ በአብዛኛው ድንጋይ ነው፣ ለመወርወር የሚመች። አንድ ሊቅ ሃያ ዓመት የለፋበትን ነገር አንድ ጎረምሳ በአንድ ፖስት ሲያፈርሰው እያየን ኖረናል። የሚያሳዝነው ጎረምሳው የሊቁን ስም እንኳ ሰምቶ አለማወቁ ነው። ጥፋቱን ጎረምሳው ላይ ብቻ ለመጫን አልደፍርም፤ ማን በቋንቋው አቀረበለት?

ሃያኛው ጉባኤ መቀሌ ነበር። ከመስከረም 21 እስከ 25 ቀን 2011 ዓ.ም.።

ያ መስከረም ምን ይመስል እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መስከረም 1 ቀን ዛላምበሳ ላይ የኤርትራ ድንበር ተከፈተ፤ ሃያ ዓመት ያልተያዩ ዘመዶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አይተን አብረን አለቀስን። በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ በባንዲራ ቀለም ጠብ ተነሣ፤ ቀጥሎ ቡራዩ ላይ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ። ተስፋውና ፍርሃቱ በአንድ ጆንያ ነበር። መቀሌ ደግሞ ዝግጅቷን ጨርሳ እንግዶቿን ጠበቀች። ከየአህጉሩ የመጡ ተመራማሪዎች፣ ከየክልሉ ዩኒቨርሲቲ የመጡ መምህራን አንድ ካምፓስ ውስጥ ለአምስት ቀን ተከራከሩ። የጉባኤው መሪ ሐሳብ ስለ ትስስርና ማንነት ነበር፤ ኢትዮጵያ ከጎረቤቶቿና ከዓለም ጋር እንዴት እንደተሳሰረች።

ትስስር!

ከሁለት ዓመት ከአንድ ወር በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት፣ ጦርነቱ ጀመረ። መጀመሪያ የተቆረጠው ስልኩ ነው። አዲስ አበባ ያለ ልጅ መቀሌ ያለች እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ወራት ቆጠረ። ባንክ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ መድኃኒት አለቀ። የመቀሌ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ ማደሪያ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው የመማር ማስተማር ሥራው ተቋረጠ፤ በትምህርት ክፍሎቹ የነበሩ መምህራን ደመወዝ አጥተው ኖሩ። አንዱ ካምፓስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ትስስር ወረቀት ያነበቡ የመቀሌና የአዲስ አበባ፣ የመቀሌና የባሕር ዳር ሰዎች፣ ኢሜይል እንኳ መላላክ የማይችሉበት ጊዜ መጣ። የቻሉትም፣ ውጭ አገር ያሉትም፣ ብዙዎቹ በሁለት ጎራ ተከፍለው መግለጫ ይፈርሙ ነበር። እዚህ ላይ ሊቃውንቱን እንደ ቅድሙ በቀላሉ አልለቃቸውም። ጠንቋይ አለመሆን አንድ ነገር ነው፤ የሞተውን ሰው ከየት ወገን እንደሆነ አይቶ ማልቀስ ግን ሌላ ነው፤ ይህንን ሁሉም አላደረጉትም፣ ያደረጉት ግን ጥቂት አልነበሩም።

የመቀሌው ጉባኤ በተዘጋ በወር ከምናምን፣ ኅዳር 2011 ላይ፣ ለገሃር ላይ ሌላ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የአቡ ዳቢ ገንቢ ኩባንያ ለገሃርን በ36 ሄክታር ላይ አዲስ ከተማ ሊያደርገው መሠረት ተጣለ፤ ነባሮቹ 1,600 ቤተሰቦች እዚያው ቤት ይሠራላቸዋል ተባለ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ተራው የጎረቤቱ የካዛንቺስ ሆነ፤ በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው ሰፈር ፈረሰ። ወደፊት አንድ ተመራማሪ ስለ ካዛንቺስ ወረቀት ሊጽፍ ሲነሣ የሚያነጋግራቸው ሰዎች በከተማው ዳር ዳር ተበትነው ያገኛቸዋል። እናንተ እዚያ ያደጋችሁ፣ ፎቶ ያላችሁ፣ የቀበሌ ቤት ደረሰኝ ያላችሁ፣ የዕድር መዝገብ ያላችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት። ስድስት ኪሎ አንድ ቀን ይፈልገዋል።

የመቀሌው ጉባኤ እንግዶች በአውሮፕላን የገቡት በአሉላ አባነጋ አየር ማረፊያ በኩል ነው። የዶጋሊው አሉላ። አንበሳችን ሮም ላይ በእሳቸው ድል ምክንያት የታሰረላቸው። ከሰኔ 2013 በኋላ ወደዚያ የሚሄድ የመንገደኛ በረራ አልነበረም። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ መቀሌ ያረፈው ታኅሣሥ 19 ነው፤ ከአሥራ ስምንት ወር በኋላ። የወረዱት መንገደኞች ወረቀት የያዙ አልነበሩም። ወላጆቻቸውን ሊያዩ የሄዱ ልጆች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ መሬቱን ተደፍተው ሳሙት።